ባቡሩ በየት በኩል ይለፍ? አምስት ቀን በልደታ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት አልፎኛል። እስካሁን ግን ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ሦስት ቦታ ሳልቆም አልመለስም። «መምህር፣ ምን አይተው መጡ?» ይለኛል ሁሉም። ለእያንዳንዱ ቆሜ እንዳልተርክ ነገሩ ረጅም ነው፤ «ደህና ነበር» ብዬ እንዳላልፍ ደግሞ ሰው የቀበርኩበት ጉዞ ነው። ስለዚህ ከመነሻው እስከ መመለሻው የሆነውን በየቀኑ ለይቼ ጻፍኩት። የጻፍኩትም ልደታን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም መቼም ለማትሄዱ የሐዋሳ ጎረቤቶቼ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ከተማችን ውስጥ ወደፊት ባቡር ቢሠራ በየት በኩል ይለፍ የሚል ጥናት መጀመሩን ሰምታችኋል። አንዱ ሐሳብ ሐዲዱን መንገዱ መሐል፣ መሬት ላይ መዘርጋት ነው። ሌላው ዓምድ አቁሞ ባቡሩን ከሰው ራስ በላይ ማሳለፍ ነው። ሦስተኛው መሬት ቆፍሮ በሥር መውሰድ ነው። መስመሩ የሰፈራችንን ዋና መንገድ ይዞ ስለሚያልፍ፣ ነዋሪው አንድ ሰው ይምረጥና አዲስ አበባ ያለውን አይቶ ይምጣ ተባለ። «ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ይሻላል» ብላችሁ እኔን መረጣችሁ።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። በረቂቁ ካርታ ላይ ባቡሩ በመሬት ከሄደ የእኔን ቤት አይነካም። በዓምድ ላይ ከሄደ የጣቢያው ደረጃ የሚያርፈው የማዕዘኑ ቤት ላይ ነው፤ የማዕዘኑ ቤት ደግሞ የእኔ ነው። እኔና ባለቤቴ አልማዝ ሠላሳ ዓመት የኖርንበት፣ ሦስት ልጆች ያሳደግንበት ቤት። ስለዚህ ገና ከሐዋሳ ሳልነሣ ልቤ ወስኖ ነበር። በመሬት ይሂድ ብዬ፣ ለወጉ ያህል አይቼ ልመለስ ነበር የሄድኩት።

ሰኞ

ከጥናቱ ቡድን አብራኝ የተላከችው ኢንጂነር ሰላማዊት ናት። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ያስተማርኳት ልጅ ናት። ያኔ ከኋላ ተቀምጣ፣ ሁሉም ሲያቅታቸው ቀስ ብላ የምትመልስ ነበረች። ዛሬ ሐዲድ የሚያልፍበትን ታሰምራለች። እኔን ግን አሁንም «መምህር» ነው የምትለኝ።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተሳፈርን። አልማዝ ለታላቅ እህቷ ለእትዬ ብርቄ የጓሯችንን አቮካዶ በካርቶን አሽጋ ሰጥታኝ ነበር፤ የምናርፈውም እሳቸው ዘንድ ነው። መቂን እንዳለፍን የአውቶቡሱ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ትርፍ ጎማውን ለማውጣት ዕቃ ሲያወርድ፣ አንድ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚከብድ ሻንጣ የአልማዝ ካርቶን ላይ አሳረፈበት። የአቮካዶው ነገር እዚያው አለቀ።

ፀሐዩ በረታ። እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ አሥር እርምጃ ሳትራመዱ የዛፍ ጥላ አታጡም፤ እዚያ ግን አስፋልቱና ሰማዩ ብቻ ነው። መንገድ ዳር ቲማቲም የምትሸጥ ሴት አየችንና ጃንጥላዋን ነቅላ ለሰላማዊት ሰጠቻት። ለእኔ የተገለበጠ ሣጥን አቀረበችልኝ። ራሷ ግን ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ፀሐይ ላይ ቆመች። ስንነሣ ቲማቲም ልግዛ ብላት «የመንገደኛ ቲማቲም ይፈርጣል፣ ስትመለሱ ግዙ» ብላ እምቢ አለችኝ።

ልደታ የደረስነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። እትዬ ብርቄ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። የተጨፈለቀውን አቮካዶ አይተው አልተከፉም፤ ፍሬውን ለቅመው፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፈው ሎሚ ጨመቁበትና በዳቦ በላነው። «እህቴ ፈጭታ የላከችልኝ ነው የሚመስለው» አሉ።

ከምሳ በኋላ ሸሚዜን ልቀይር ወደ መስኮቱ ዞር አልኩ። መጋረጃው ትንሽ ገለጥ ያለ ነበር። ድንገት ቤቱ ሁሉ አጉረመረመ፤ ባቡሩ በመስኮቱ ትይዩ እንደ ጎረቤት በረንዳ ተጠግቶ አለፈ። መስታወቱን ተደግፎ የቆመ አንድ ሰው እኔን፣ እኔም እሱን አየን። እኔ ካናቴራ ብቻ ነኝ። ሰውዬው አፍሮ ፊቱን አዞረ።

«ለዚህ ነው መጋረጃ የማልከፍተው» አሉ እትዬ ብርቄ ከወጥ ቤት። «ሰው ሁሉ ሥራ የሚገባው የእኔን ቤት አይቶ ነው። ግን ደግሞ አልረግመውም፤ ሐኪም ዘንድ ስሄድ የሚወስደኝ እሱ ነው።»

እሳቸውና ሰላማዊት መኝታ ቤት፣ እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ ተኛን። በእኛ ከተማ ሌሊት የሚቀሰቅሰን የወፍ ጩኸት ነው። እዚያ ግን ከነጋ በኋላ የመጀመሪያው ባቡር ነው የቀሰቀሰኝ።

ማክሰኞ

ልደታ ጣቢያ ወጥተን ወደ ሜክሲኮ ተሳፈርን። እዚያ አካባቢ ሐዲዱ በዓምድ ላይ ነው። ከላይ ሲታይ ከተማው ሌላ ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የውኃ ታንከር፣ የተሰጣ ልብስ። ሥሩን ስታዩ ሰዉ እንደ ልቡ ከወዲያ ወዲህ ይሻገራል፤ ጫማ የሚጠርገውም፣ ካልሲ የሚሸጠውም ከዓምዶቹ ጥላ ሥር ነው።

ሜክሲኮ ስንደርስ ልንወርድ ተነሣን። ሰላማዊት ወረደች። እኔን ግን የሚገባው ሰው ወደ ኋላ ገፋኝና በሩ ተዘጋ። በመስታወቱ ውስጥ እጇን ስታወናጭፍ አየኋት፤ ስልኬ ደግሞ በእሷ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ክራቫት ያሰረ አንድ ጎልማሳ ክንዴን ያዘኝ።

«አይዞዎት አባት፣ ለገሃር ወርደን በመልሱ እንመጣለን።»

«አንተ የት ነህ የምትሄደው?»

«ሥራ ልገባ ነበር። አለቃዬ ቢጠይቀኝ አባቴ ጠፍተውብኝ ነበር እላለሁ።»

ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ ሜክሲኮ ድረስ አምጥቶ ለሰላማዊት አስረከበኝ። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ሄደ።

በዓምድ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ግን መልካም አይደለም። በአንዱ ጣቢያ ተንቀሳቃሹ ደረጃ ያን ዕለት ቆሞ ነበር። ምርኩዝ የያዙ አንዲት እናት ሦስት ደረጃ ወጥተው ያርፋሉ፣ ደግሞ ሦስት ወጥተው ያርፋሉ። እሳቸው ደረጃውን ሳይጨርሱ ሁለት ባቡር አለፈ። ሰላማዊት ይህን በማስታወሻዋ ጻፈች።

ከዚያ ተመልሰን ወደ ጦር ኃይሎች አቅጣጫ ሄድን። በዚህ በኩል ሐዲዱ ከድልድዩ ወርዶ መሬት ይይዛል። ግራና ቀኙ አጥር ነው። ባቡሩ ሳይንገጫገጭ ይሄዳል፣ ጣቢያው ደረጃ አያበዛም። እኔም «ይኸው፣ ይኼ አይበቃም?» አልኩ። ሰላማዊትም «ወጪው ቀላሉ ይኼ ነው መምህር፤ ከፍ ሲል ወጪውም ከፍ ይላል፣ መሬት ሲገባ ደግሞ ጭራሽ አይነካም» አለችኝ። ደስ አለኝ። ሐሳባችን ገጠመ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ብርቄ ከምድር ቤት ጎረቤታቸው ከአባባ ደምሴ ጋር አስተዋወቁን። አባባ ደምሴ በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚሁ ልደታ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። እንግዳ ይወዳሉ። ስለ ባቡር ልንጠይቅ መምጣታችንን ሲሰሙ ሰዓታቸውን አዩና «ተነሡ፣ አንድ ነገር ላሳያችሁ» አሉን።

ቀስ እያልን የአሥራ አምስት ደቂቃውን መንገድ በግማሽ ሰዓት ሄድን። ሐዲዱ መሬት ከያዘበት አለፍ ብሎ አጥሩ ጋ ቆሙ። ማዶ፣ ከሐዲዱና ከሁለቱም መንገድ ባሻገር፣ አንዲት አሮጊት ከአንድ ሱቅ በር ላይ በርጩማ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። አባባ ደምሴ ስልካቸውን አወጡ። ማዶ ያሉት ሴትም ስልክ አነሡ።

«አስካለ፣ ታዪኛለሽ?»

ታላቅ እህታቸው እማማ አስካለ ናቸው። ሐዲዱ ከመዘርጋቱ በፊት፣ እማማ አስካለ ቆጮ በጋገሩ ቁጥር በጨርቅ ጠቅልለው መንገዱን ያቋርጡና ሳይበርድ ያደርሱላቸው ነበር። አሁን መሻገሪያው የእግረኛ ድልድይ ነው፤ የሁለቱም ጉልበት ደግሞ ደረጃ አይወጣም። እማማ አስካለ በመኪና እንዳይመጡ ከበራቸው ፊት ያለው መንገድ ወደ ልደታ ሳይሆን ወደ ጦር ኃይሎች ነው የሚወስደው፤ እዚያ አደባባዩ ድረስ ሄዶ መዞር አለ። ስለዚህ ለበዓል ካልሆነ አይገናኙም። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እዚህ ቆመው እየተያዩ በስልክ ያወራሉ።

አባባ ደምሴ ስልኩን ሰጡኝ።

«እንግዳ ነህ አሉ» አሉኝ እማማ አስካለ። «እስቲ ንገረኝ፣ ጋቢ ደርቧል? ዓይኔ ከዚህ አያደርስልኝም።»

«ደርበዋል እማማ።»

«ይዋሻል እሱ። ሁልጊዜ ደርቤያለሁ ይለኛል። ብዙ አታቁሙት።»

መሐላችን ባቡር አለፈ። እስኪያልፍ ድምፃቸው አልተሰማኝም። ሲያልፍ በርጩማው ላይ እንዳሉ እጃቸውን ሲያወዛውዙ አየኋቸው።

ረቡዕ

በመሬት ሥር የሚሄደውን ለማየት ወደ ፒያሳ ወጣን። እዚያ በኩል ሐዲዱ ለአጭር ርቀት መሬት ውስጥ የሚገባበት ቦታ አለ። ከላይ ቆመን አፉን አየነው። ከላዩ መንገድ አለ፣ ሰው አለ፤ ከሥሩ ባቡር ስለመኖሩ ግድ ያለው የለም። «ይኼ ነበር የሚያምረው» አልኩ።

«እኛ ጋ ስንት ሜትር ቆፍረው ውኃ ያገኛሉ?» አለችኝ ሰላማዊት እየሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። በእኛ ሰፈር የሽንት ቤት ጉድጓድ እንኳ ስናስቆፍር ውኃው ከቆፋሪው እንደሚቀድም እናንተም ታውቃላችሁ። ሐይቃችን የተቀመጠው ፊት ለፊታችን ብቻ ሳይሆን ከእግራችን ሥርም ነው። መሬት ውስጥ ባቡር መውሰድ ለከፍታው ለፒያሳ እንጂ ለእኛ እንዳልሆነ እዚያው ተስማማን።

ምሳችንን ሜክሲኮ አንድ ምግብ ቤት በያይነቱ በላን። ከምሳ በኋላ ሰላማዊት ከቦርሳዋ አንድ ቅጽ አወጣች። የነዋሪው ተወካይ አስተያየት የሚሰጥበት ነው።

«ካዩት በኋላ ነው የሚሞላው» አለችኝ። «እኔ የማምንበትን ልንገርዎት። በዓምድ ካልን ምናልባት በእኔ ዕድሜ አይሠራም። በመሬት ካልን ይጀመራል። ባቡር የሌለው ከተማ ከሚሆን አጥር ያለው ባቡር ይሻላል።»

«የአባባ ደምሴ ነገርስ?»

«አሳዝኖኛል። ግን የእግረኛ ድልድይ ይበዛል፣ መሻገሪያ ይጨመራል። ሁሉንም ሰው የማይጎዳ መንገድ የለም መምህር።» ቅጹን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ቤትዎ የት እንደሆነም አውቃለሁ። ካርታው ላይ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ይህን ስትል አፈርኩ። እሷ የእኔን ቤት ለማዳን ብላ አይደለም፤ የምታምንበት ነው። የማፍረው እኔ ነኝ፤ ቤቴን አስቤ ሳለ ስለ ሕዝብ የማስብ መስዬ ነው የተቀመጥኩት። ቢሆንም እስክሪብቶዋን ተቀብዬ «በመሬት» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁና ፈረምኩ። ቀለል ብሎኝ ወደ ልደታ ተመለስኩ።

ሐሙስ

ጠዋት የቀሰቀሰኝ ባቡሩ አልነበረም። ከግቢው የሴት ጩኸት ነበር። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን እያጣፉ ከመኝታ ቤት ወጡ። በመስኮት ወደ ታች አዩና «ደምሴ ቤት ነው» ብለው ግድግዳውን ያዙ።

አባባ ደምሴ እንደተኙ አልነቁም። ዕድርተኛው ወዲያው ተሰበሰበ፤ ግቢው ውስጥ ድንኳን ይተከል ጀመር። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ልደታ ማርያም ተባለ። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው አንድ ነገር አሰበ፤ ለእህታቸው ማን ይንገር?

«በስልክ አይነገርም» አሉ እትዬ ብርቄ። «በዚያ ስልክ እየተያዩ ኖረው በዚያው ስልክ መርዶ አይሰሙም። እንሂድ።»

ሦስታችንም ሄድን። የእግረኛ ድልድዩን እትዬ ብርቄ እያረፉ ወጡት። እማማ አስካለ ከሱቁ ኋላ ባለች አንዲት ክፍል ነው የሚኖሩት። በሩን ሲከፍቱ አንድ በአንድ አዩን።

«እማማ፣ አባባ ደምሴ ትንሽ አሟቸው…» ብላ ጀመረች ሰላማዊት።

«አሞታል ለማለት ሦስት ሰው አይመጣም ልጄ» አሉ እማማ አስካለ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። እትዬ ብርቄ አጠገባቸው ቁጭ ብለው አቀፏቸው፤ እኔና ሰላማዊት በር ላይ ቆመን አለቀስን። ሁለት ቀን ያወቅሁትን ሰው እንደዚያ አለቅስለታለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አምስት ሰዓት አካባቢ ታክሲ ይዘን ተነሣን። ወደ አደባባዩ ትንሽ እንደሄድን አንድ ከባድ መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቶታል። መኪናው ሁሉ ቆሟል። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ሾፌሩ ወርዶ አይቶ መጣና ራሱን ነቀነቀ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ አምስት ተኩል አልፏል። እማማ አስካለ በመስኮቱ ወደ አጥሩ ማዶ ያያሉ፤ በዚያ በኩል መኪናው ወደ ልደታ እንደ ልቡ ይፈሳል።

«እሱ ሳይሸኘኝ፣ እኔም ሳልሸኘው ልቀር ነው?» አሉ። ከዚያ በሩን ለመክፈት ታገሉ። «አውርዱኝ። ደረጃውን በእምብርክኬ እወጣዋለሁ።»

ታክሲው ገና ሩቅ አልሄደም ነበር፤ የእግረኛ ድልድዩ ከኋላችን ይታያል። ደግፈናቸው ሥሩ ደረስን። ሁለት ደረጃ እንደወጡ ጉልበታቸው ከዳቸው። ከድልድዩ ሥር ያለች ምግብ ቤት ባለቤት ይህን አይታ የፕላስቲክ ወንበር ይዛ ሮጠች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመችና «ይኼማ ይሰበራል» ብላ ተመለሰች፣ የራሷን የእንጨት ወንበር አመጣች። ሲሚንቶ ያወርዱ የነበሩ ሁለት ሠራተኞች ሥራቸውን ጥለው መጡ። ማንም የጠራቸው የለም። እነሱ ከታች፣ እኔና ሰላማዊት ከላይ ሆነን ወንበሩን ከነእማማ አስካለ አነሣን።

አንድ ሁለት ጊዜ አረፍን። ትንፋሼ ሲቆራረጥ አንዱ ሠራተኛ «ጋሼ፣ እርስዎ ልቀቁት፣ እኛ እንበቃለን» አለኝ። አልለቀቅኩም። ለምን እንደሆነ ያኔ አላሰብኩትም፤ አሁን ግን ይገባኛል። ትናንት «በመሬት» ብሎ የፈረመው ይኸው እጄ ስለነበረ ነው።

ጫፍ ላይ ስንደርስ እማማ አስካለ «ቁሙ» አሉ። አስቀመጥናቸው። ከእግራችን ሥር ሐዲዱ ተዘርግቷል። በአንድ በኩል በርጩማቸው የምትቀመጥበትን የሱቅ በር፣ በሌላው በኩል ወንድማቸው ይቆሙበት የነበረውን የአጥር ጥግ አዩ። ወዲያ አዩ፣ ወዲህ አዩ።

«ይህችን ታህል ነች?» አሉ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ፤ እኛም ወንበሩን አነሣን።

በማዶ በኩል ሰላማዊት መንገዱ መሐል ገብታ የመጀመሪያውን መኪና አስቆመች። ሰውዬው የማናውቀው መንገደኛ ነው፤ የወንበሩን ነገር ሲያይ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ በሩን ከፈተ። ሁለቱ ሠራተኞች ወንበሩን ተሸክመው ሲመለሱ ከኋላ ብቻ አየኋቸው፤ አላመሰገንኳቸውም። እዚህ ላይ አመሰግናቸዋለሁ፤ አያነቡት ይሆናል።

ቤት ስንደርስ አስከሬኑ ወጥቶ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን በረርን። ፍትሐቱ አልቆ፣ ሣጥኑ ወደ ጉድጓዱ ሊወርድ ገመድ ተይዟል። እትዬ ብርቄ ከሩቅ «እህቱ መጣች!» ብለው ጮኹ። ካህኑ ዞረው አዩና እጃቸውን አነሡ፤ ገመድ የያዙት ሰዎች ቆሙ። ሰዉ መንገድ ከፈተ። እማማ አስካለ በሁለት ሰው ተደግፈው ሣጥኑ ጋ ደረሱ፤ መዳፋቸውን ከላዩ አሳረፉ፤ ለብቻቸው አወሩት። የተናገሩት በጉራጊኛ ነው፤ እኔ አልሰማሁትም፣ ብሰማም አልነግራችሁም ነበር።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥን። ንፍሮ ቀረበ፣ ውኃ ቀረበ። እዚያ ተቀምጬ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ኮንዶሚኒየሙ ያለበት አካባቢ ሐዲዱ በላይ ነው የሚያልፈው። ከሐዲዱ ማዶ ያሉ ለቀስተኞች፣ አሮጊቶቹም ምርኩዘኞቹም፣ ከድልድዩ ሥር በእግራቸው እያቋረጡ ይገባሉ። ማንም የተሸከማቸው የለም። በእርግጥ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ለቅሶው ይዋጣል፤ አልቃሿ አፏን ከፍታ ድምፅዋ አይሰማም፣ ከዚያ ደግሞ ይመለሳል። ያም ከባድ ነው። እኔ ግን ዓይኔ የቀረው ከሥር የሚሻገሩት ላይ ነበር። አሰብኩት፤ በእኛ መንገድ አንድ በኩል ቤቶቹ፣ በሌላው በኩል ትምህርት ቤቱ፣ ገበያውና ቤተ ክርስቲያኑ። መሐላቸው በሐሳቤ አጥር ሣልኩ።

ዓርብ

እትዬ ብርቄ ቁርስ ሳያበሉ አልለቀቁንም። እማማ አስካለ እሳቸው ቤት ነበር ያደሩት፤ ተነሥተው መረቁን። «መንገዱን ያቅናላችሁ» ሲሉ ሰላማዊት አንገቷን ደፋች።

አውቶቡሱ ሞጆ ደረሰ። ሰላማዊት የፈረምኩትን ቅጽ ከቦርሳዋ አወጣችና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

«ቢሮ አላስገባሁትም» አለችኝ። «አስገቢው ካሉኝ አስገባዋለሁ። የወጪው ነገር ትናንት ከነበረው አልተለወጠም መምህር።»

«አንቺስ?»

«እኔ…» ወደ መስኮቱ አየች። «በመሬት ማለቴን አልተውኩም። ከከተማው ዳር ጀምሮ በመሬት ይምጣ። ሰው የሚበዛበት ጋ ሲደርስ ግን ከፍ ይበል ብዬ ልጽፍ ነው። ይከራከሩኛል። ከፍ የሚለው ደግሞ የት ጋ እንደሆነ ያውቃሉ።»

አውቃለሁ። የእኛ ሰፈር ነው። ቅጹን አራት ቦታ ቀደድኩት። አዲስ ቅጽ ሰጠችኝ፤ በአውቶቡሱ መንገጫገጭ ጽሕፈቴ ተወላገደ፣ ግን ይነበባል።

መቂ ልንደርስ ስንል ያቺን ባለ ቲማቲም ፈለግኋት፤ ሣጥኑ አለ፣ እሷ የለችም። የሐዋሳ ዛፎች ብቅ ሲሉ የወትሮው ደስታ አልመጣልኝም። ቤቴን ከመኪናው መስኮት ሳየው እንግዳ ሰው የሚያየው ያህል አየሁት።

ከዚያ በኋላ

እሑድ በተጠራው ስብሰባ ላይ የነበራችሁ ታውቃላችሁ፤ ላልነበራችሁት እጽፋለሁ። ያየሁትን ተናገርኩ። መጀመሪያ ለቤቴ ብዬ እንደፈረምኩም አልሸሸግሁም። የተወላገደውን ቅጽ አነበብኩ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «የማዕዘኑ ቤት ያንተ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። «የእኔ ነው» አልኩ። ጥቂት ሰው አጨበጨበልኝ፤ ጭብጨባውንም ወደድኩት፣ ልዋሻችሁ አልችልም።

ቤት ስገባ አልማዝ ቆማ ጠበቀችኝ። ጎረቤት ቀድሞኝ ነግሯታል።

«ቤታችንን ሰጠህ አሉኝ» አለችኝ።

«ገና አልተወሰነም። ሐሳቤን ነው የሰጠሁት። የአባባ ደምሴን ነገር ነግሬሻለሁ፣ እህታቸውን…»

«ነግረኸኛል። አልቅሼበታለሁም። ስለ ቤቱ ግን አልነገርከኝም።» ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ያ ነው የከበደኝ። «ብትጠይቀኝ እሺ እል ነበር። ሠላሳ ዓመት ኖሬበት፣ በጎረቤት ልስማው?»

ከሐዋሳ ልደታ ሄጄ፣ የማላውቃቸውን እናት ተሸክሜ ተመልሼ፣ አብራኝ የምትኖረውን ሴት ሳልጠይቅ ነው ያን አዳራሽ የገባሁት። ይቅርታ ጠየቅኋት። አራት ቀን በአጭር በአጭሩ ነው ያወራችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለተኛው ስብሰባ ነበር። አልማዝ ከእኔ ቀድማ ለብሳ ወጣች፤ አዳራሹ ውስጥም ከፊት ወንበር ተቀመጠች፣ እኔ ከኋላ። ውይይቱ ሲጀመር እጇን አነሣች። ጸሐፊው ስሟን ጠየቃትና «የተወካዩ ባለቤት ነዎት?» አላት።

«የማዕዘኑ ቤት ባለቤት ነኝ» አለች። «ቤቱ ካስፈለገ ይሂድ። ደረጃው ግን ብቻውን አይሠራ። አሳንሰር ይኑረው፣ ከተሠራ በኋላም ተበላሽቶ አይቁም። በእኔ ጓሮ ላይ የሚቆም ጣቢያ፣ እኔ ሳረጅ የማልወጣው እንዳይሆን። ይህን በቃለ ጉባኤው ጻፉልኝ።»

ጸሐፊው ጻፈው። አልማዝ ግን አልተቀመጠችም። «አንብብልኝ» አለችው፤ እስኪያነብላት ድረስም ቆማ ጠበቀች።